በትንሽ የጨው ውሃ አኳሪየም ስላሉ ጠበኛ ዓሣዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ላይ ሆኖ የጨው ውሃ አኳሪየም ለማቋቋም የሚያስብ ሰው፣ ዓሣ ከመግዛቱ በፊት የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚስማማ ጠንቅቆ ማወቅ ይኖርበታል። የባሕር ዓሣ የሚመጣው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚርቀው ከአዲስ አበባ በመሆኑ፣ አልስማማ ያለውን በማግስቱ ለሻጩ መልሶ በሌላ መለወጥ የሚታሰብ አይደለም። ስለ ዓሣ ጠብ የሚሰጠው ምክር ደግሞ አብዛኛው ጨው አልባ ውሃ ውስጥ ዓሣ ካኖሩ ሰዎች ልምድ የተቀዳ ስለሆነ፣ ከ60 እስከ 150 ሊትር በሚይዝ የጨው ውሃ ገንዳ ላይ ሲሞከር ብዙ ጊዜ ጉዳቱ ያመዝናል።

«ዓሣው በተፈጥሮው ክፉ ነው።» ጠቡ በአመዛኙ የወሰን ጠብ ነው። ከኮራል አካባቢ የሚመጡ ብዙ ዓሣዎች የሚደበቁበትን ቀዳዳ፣ የሚመገቡበትን ቦታ ወይም እንቁላላቸውን ይጠብቃሉ፤ ዳምዝል የሚባሉት አንዳንድ ዝርያዎች እንዲያውም የሚበሉት አልጌ የበቀለበትን ድንጋይ ይዘው ከእነሱ ብዙ እጥፍ የሚበልጠውን ዓሣ ሳይቀር ያባርራሉ። በባሕር ውስጥ የተባረረው ዓሣ ጥቂት ሜትር ሲርቅ ነገሩ ያበቃል። ርዝመቱ 60 ሳንቲ ሜትር በሆነ ገንዳ ውስጥ ግን ከወሰኑ ውጭ የሚባል ቦታ የለም፤ ተባራሪው የትም ቢሄድ አሁንም ያው ባለ ይዞታ ዓይን ሥር ነው፣ ስለዚህም ማባረሩ አያባራም። ከዚህ በታች የሚነሡት ስሕተቶች አብዛኞቹ ይህን ካለማስተዋል የሚመጡ ናቸው።

«ትንሽ ዓሣ ሰላማዊ ነው።» መጠን ምንም አያረጋግጥም። ዶሚኖ ዳምዝል፣ ማለትም ጥቁሩ ሰውነቱ ላይ ሦስት ነጭ ነጥብ ያለው ዓሣ፣ ለሽያጭ ሲቀርብ ከ2 ወይም ከ3 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ሲያድግ ግን እስከ 14 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፣ የተገዛበት ነጭ ነጥብም እየደበዘዘ ይሄዳል፣ ጠበኝነቱ ግን ይብሳል። ሲክስላይን ራስ የሚባለውም ባለ ስድስት መስመር ዓሣ ከ10 ሳንቲ ሜትር ባይበልጥም፣ ከእሱ በኋላ የገባን ዓፋር ዓሣ ምግብ ከልክሎ እስከ መግደል ይደርሳል። ዳምዝል ርካሽና ጠንካራ ስለሆነ ቀድሞ «ውሃውን እንዲያለማምድ» በሚል አዲስ ገንዳ ውስጥ መጀመሪያ ይገባ ነበር፤ በእኔ እምነት ከዚህ የከፋ ምክር የለም። ገንዳው በጥቂት ምግብ ወይም በተመጠነ አሞኒያ ያለ ዓሣ ሊዘጋጅ ይችላል፤ ባክቴሪያው አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ወደ ናይትሬት የሚለውጥበት ደረጃ ላይ እስኪደርስ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ከዚያ በኋላ እንደ ፋየርፊሽ እና ጎቢ ያሉት ዓፋሮች ቀድመው፣ ድፍረት ያላቸው መጨረሻ ላይ ይገባሉ።

«ጓደኛ ቢጨመርለት ይረጋል።» ይህ ሐሳብ የመጣው በአፍሪካ ሐይቆች ከሚኖረው፣ ሲክሊድ ከሚባለው ጨው አልባ ውሃ ዓሣ ነው። የማላዊ ሲክሊድ የሚያኖሩ ሰዎች ዓሣውን ሆን ብለው ያበዙታል፤ ጠቡ ለብዙዎች ስለሚከፋፈል አንዱ ብቻ ለይቶ አይጎዳም። ዘዴው የሚሠራው ግን በትልቅ ገንዳ፣ በጠንካራ ፊልተርና በተደጋጋሚ የውሃ ለውጥ ነው። በ100 ሊትር የጨው ውሃ ያንኑ ማድረግ ውሃውን ከማበላሸት በቀር የሚያመጣው ነገር የለም፤ በዚያ ላይ የባሕር ዓሣ አብዝቶ የሚጠላው የራሱን ዝርያ፣ ቀጥሎም በቅርጽ ወይም በቀለም የሚመስለውን ነው። ሁለት ዶሚኖ ማስገባት ማለት በመጨረሻ አንድ ዶሚኖ መያዝ ማለት ነው።

ክላውንፊሽ ከዚህ ደንብ የሚለይ ነው፣ ያም ቢሆን በጥንድ ሲሆን ብቻ። እነዚህ ዓሣዎች ሁሉም ሲያድጉ መጀመሪያ ወንድ ናቸው፤ ከቡድኑ የበላይ የሚሆነው ወደ ሴትነት ይለወጣል፣ ሴትነቱም ወደ ኋላ አይመለስም። ስለዚህ ከሁለት ቦታ የተገዙ ሁለት ያደጉ ሴቶች አንድ ገንዳ ውስጥ ቢገናኙ እስከ ሞት ይናከሳሉ። የሚሻለው ገና ልጅ የሆኑ፣ አንዱ ከሌላው በግልጽ የሚያንስ ሁለት ዓሣ መግዛት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትልቁ ሲቀርበው ትንሹ ጎኑን አዘንብሎ መላ ሰውነቱን ለአፍታ ያንቀጠቅጣል፤ ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ዓሣው ታመመ ብሎ መድኃኒት ፍለጋ ይሮጣል። መንቀጥቀጡ ግን «እጄን ሰጥቻለሁ» ማለት ነው፤ ትልቁም ይህን ካየ በኋላ ብዙውን ጊዜ ይተወዋል። ማሩን ክላውንፊሽ የሚባለው ቀይ ዝርያ ከሌሎቹ የከረረ ስለሆነ ለትንሽ ገንዳ አይመከርም።

«ርቦት ነው፣ ምግብ ይጨመርለት።» ምግብን በትንሽ በትንሹ ከፍሎ፣ በገንዳው በሁለቱም ጫፍ መስጠት ሽሚያውን ይቀንሳል። ይዞታውን የሚጠብቅ ዓሣ ግን ጠግቦም ያባርራል፤ የተረፈው ምግብ በስብሶ ውሃውን ይመርዛል።

«ሲቆዩ ይለማመዳሉ።» በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ለሁለትና ለሦስት ቀን፣ መባረር ያለ ነገር ነው። የክንፉ ጠርዝ የተተለተለ፣ ቅርፊቱ የተነሣ ወይም ምግብ ሲገባ ከተደበቀበት የማይወጣ ዓሣ ግን አይለማመድም፤ እየሞተ ነው። ከላይ ጥግ ላይ ተጠግቶ በፍጥነት የሚተነፍስ ዓሣ ሲታይ ደግሞ ጅማ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር መመርመር ያስፈልጋል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች በውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፣ የጨው ውሃ ደግሞ ቀድሞውኑ ከጨው አልባው ያነሰ ኦክስጅን ይይዛል። መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ሲቆም ሁሉም ዓሣዎች ወደ ላይ ከወጡ ችግሩ አየር ነው፤ አንዱ ብቻ ጥግ ይዞ ሌሎቹ እንደ ልባቸው የሚዋኙ ከሆነ ግን ጉዳዩ ጠብ ነው።

«የተደበደበውን ማውጣት ነው።» ተደብዳቢው ድኖ ሲመለስ የሚጠብቀው ያው ባለ ይዞታ ነው። መውጣት ያለበት አጥቂው ነው፤ ለአንድ ሳምንት ወይም ለሁለት ሳምንት ተለይቶ፣ በዚያው ጊዜ ድንጋዮቹ ቦታቸው ተለዋውጦ ሲመለስ የሚያውቀውን ወሰን ስለማያገኝ እንደ አዲስ ገቢ ይሆናል። እሱን በመረብ ለመያዝ መሞከር ድንጋዩን ሁሉ ማፍረስና የቀሩትን ማስደንገጥ ስለሆነ፣ የሃይላንድ ጠርሙስ ይሻላል፦ አንገቱ ያለበት ጫፍ ተቆርጦ፣ አፉ ወደ ውስጥ እንዲያይ ተገልብጦ ይገጠማል፣ ውስጡ ምግብ ይደረግበታል፣ ከዚያም በጎኑ ተጋድሞ መሬቱ ላይ ይቀመጣል። ምግብ ላይ ቀድሞ የሚደርሰው ደፋሩ ስለሆነ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያዘውም እሱው ነው። ጠርሙሱ በሳሙና የታጠበ መሆን የለበትም።

«ካልሆነ በጅማ አካባቢ ወዳሉት የቦዬ ወይም የጊቤ ውሃዎች ወስዶ መልቀቅ ነው።» የባሕር ዓሣ አካል ጨው አልባ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውሃውን ያለ ልክ ስለሚስብ ብዙም ሳይቆይ ይሞታል፤ ቆሮሶና አምባዛ የሚኖሩበት ውሃ ለእሱ መኖሪያ አይሆንም። ትልቅ ገንዳ ያለው ተቀባይ እስኪገኝ ድረስ ገንዳውን ቀዳዳ ባለው የፕላስቲክ ክፋይ ለሁለት ከፍሎ ማቆየት ይቻላል፤ ክፋዩ ውሃውን የሚያሳልፍ፣ ከአሸዋው ሥር የሚጀምርና ከውሃው በላይ ከፍ የሚል መሆን አለበት፣ ዳምዝል ጠባብ ክፍተት ካገኘ ሾልኮ ያልፋልና።