ላባው ለጌጥ አይደለም! ስለ ፍላጻ የምትሉት ስህተት

ባህር ዳር እንጨት ሥራ ላይ ነኝ፣ ሰው ሲያዝ ቀስትና ፍላጻም እሠራለሁ። እና የመጣው ሁሉ የሚለኝ አንድ ነው፦ "ላባው ለማሳመሪያ አይደል? ተወውና ዋጋ ቀንስልኝ።" ኧረ በናታችሁ!

ፍላጻውን የሚያቃናው እኮ ላባው ነው። ጭራው ወደ ጎን ልሂድ ሲል ንፋሱ ላባው ላይ ያርፍና ይመልሰዋል፣ ላባ የሌለው ቀላል ዘንግ ግን መንገድ ላይ ዞሮ በጎኑ ነው የሚመታው። ኒው ጊኒ ውስጥ ያለ ላባ ይሠራሉ፣ እውነት ነው፣ ግን የነሱ በጣም ረጅምና ፊቱ የከበደ ነው።

በቀደም አንድ ልጅ ከጣና ዳር ሸምበቆ ቆርጦ የበዓል ዶሮ ላባ ለጥፎበት መጣና "ቀስትህ ጠማማ ነው" አለኝ። ፍላጻውን ተቀብዬ ሳየው ሁለቱ ላባ ከቀኝ ክንፍ፣ አንዱ ከግራ! የሁለቱ ክንፍ ላባ የሚጎብጠው በተቃራኒ ስለሆነ አንዱ ወዲህ ሌላው ወዲያ ያዞረዋል። ነቅለን ሦስቱንም ከአንድ ወገን አደረግንና በዚያው ቀስት ቀጥ ብሎ ሄደ።

በ1991 እ.ኤ.አ. አልፕስ በረዶ ውስጥ የተገኘው ኦትዚ የሚባለው ሰውዬ ከሞተ 5,300 ዓመት ገደማ ነው። ከያዛቸው 14 ፍላጻዎች ተሠርተው የተጠናቀቁት 2 ብቻ ሲሆኑ እነሱም ሦስት ሦስት ላባ በዛፍ ቅጥራን ተለጥፎ በክር ተጠምጥሞባቸዋል። ተራራ ላይ ለጌጥ ይህን ሁሉ ይለፋል?

"ቀስት ሠሪና ፍላጻ ሠሪ አንድ ነው።" እኔ ጋ አዎ፣ ለንደን ግን በ1371 እ.ኤ.አ. ማኅበራቸውን ለይተዋል፣ የብረቱን ጫፍ ደግሞ አንጥረኛ ነበር የሚሠራው፤ በ1406 እ.ኤ.አ. የወጣው የእንግሊዝ ሕግ ጫፉ በደንብ እንዲጠነክርና የሠሪው ምልክት እንዲኖረው ያዝ ነበር።

"ፍላጻ ቀጥ ብሎ ነው የሚበረው።" አይደለም፣ ሲለቀቅ ይተጣጠፋል፣ ቪዲዮ አዝግማችሁ እዩት። ለዛ ነው ማንኛውም ቀጥ ያለ እንጨት የማይሆነው፣ ጥንካሬው ከቀስቱ ጉልበት ጋር መመጣጠን አለበት።

"ባዶ ቀስት ስቦ መልቀቅ ችግር የለውም።" ይሰበራል!

ራሳችሁ ልትሠሩ ከሆነ የክንፍ ላባ ምረጡ፣ የደረት አይሆንም። መሃሉን ሰንጥቁት፣ አጥንቱን ሞርዱት፣ ከለጠፋችሁ በኋላ የፊቱን ጫፍ በክር አጥብቃችሁ ጠምጥሙት፣ ካልሆነ ሲወጣ እጃችሁን ይቆርጣል። ሸምበቆ ከሆነ ደግሞ ገመዱ የሚገባበትን ስንጥቅ ከአንጓው በላይ አውጡና ከሥሩ በክር እሰሩት፣ አለዚያ እስከ ታች ይሰነጠቃል።