«ባለፈው ሠርቷል፤ ለአዲሱም ይሠራል»፦ ስለ ራስ-ሰር ጭነት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ መሥሪያ ቤት አዳዲስ ኮምፒውተሮች በገዛ ቁጥር፣ ወይም ሰርቨሮቹን ወደ አዲስ ስሪት ለማዛወር በተነሣ ቁጥር፣ ያው ንግግር ይደገማል። «የመጫኛ ፋይሉ እኮ በእጃችን አለ። ባለፈው በደንብ ሠርቷል። አዲሱን ዊንዶውስ ፍላሽ ላይ ጭነን ፋይሉን አብረን ማስቀመጥ ብቻ ነው የቀረን።» ጀማሪ ቢለው አይገርመኝም። በሙያው ዓመታት የቆዩ ሰዎች ሲሉት ግን ትዕግሥቴ ያልቃል፤ ቅዳሜና እሁዳቸውን የተጫነውን ሁሉ እንደገና ሲጭኑ የሚያሳልፉት እነሱው ናቸውና።

ጉዳዩን ለማያውቅ ባጭሩ ላስረዳ። ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲጫን ጥያቄ ይጠይቃል፤ ቋንቋው የትኛው ነው፣ ዲስኩ እንዴት ይከፈል፣ ተጠቃሚው ማን ይባል። ራስ-ሰር ጭነት ማለት መልሶቹን አስቀድሞ በአንድ ፋይል ጽፎ ለጫኚው ፕሮግራም መስጠት ነው። በዊንዶውስ የመልስ ፋይል ይባላል፤ ከሊኑክስ ሥርዓቶች ደግሞ በሬድ ሃት ቤተሰብ ኪክስታርት፣ በዴቢያን ፕሪሲድ፣ በአሁኑ ኡቡንቱ ደግሞ አውቶኢንስቶል። ስሪቱ ሲቀየር ጥያቄዎቹ ይቀየራሉ። የድሮ መልስ ለአዲስ ጥያቄ አይሆንም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ጫኚው ስህተት ካላሳየ መልሶቼን ተቀብሏል ማለት ነው»

አይደለም። ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው ይህ እምነት ስለሆነ ከሁሉ አብልጦ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ጫኚው ስህተት አሳይቶ ቢቆም መልካም ነበር፤ ባለሙያው ያየዋል፣ ያስተካክለዋል። የከፋው ዝም ብሎ ሲያልፍ ነው። መልሳችሁን ይተወዋል፣ በራሱ ነባሪ መልስ (ሌላ ካልታዘዘ በሚጠቀምበት) ይተካዋል፣ መጨረሻ ላይ የተለመደውን የመግቢያ ገጽ ያሳያል፤ ሁሉም ሰው ሥራው ተጠናቀቀ ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

በዊንዶውስ የመልስ ፋይል ውስጥ እያንዳንዱ ክፍል ለየትኛው የፕሮሰሰር ዓይነት እንደተጻፈ ይናገራል። በዊንዶውስ 7 ዘመን ለ32 ቢት የተጻፈ ፋይል ለ64 ቢቱ ጫኚ ቢሰጠው ጫኚው ምንም አያማርርም። ለእኔ የተጻፈ አይደለም ብሎ ያልፈዋል። አንድ ፋይል ለሁለቱም የሚሆኑ ክፍሎችን እንዲይዝ ሆን ተብሎ ስለተፈቀደ ይህ የፕሮግራሙ ጉድለት ሳይሆን አሠራሩ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ የ32 ቢት ስሪት ጭራሽ የለውም። እንግዲህ የድሮውን ፋይል የያዘው ባለሙያ ጫኚው ቋንቋ ከመጠየቅ ሲጀምር ያይና «ፍላሹ ተበላሽቷል» ብሎ ሌላ ፍላሽ ፍለጋ ይሄዳል።

በሊኑክስ በኩልም ያው ነው። በሬድ ሃት 7 ጊዜ የኪክስታርት ፋይሉ የት እንዳለ ለጫኚው ለመንገር በማስነሻው መስመር (ማሽኑ ሲነሣ በሚሰጠው የትዕዛዝ መስመር) ላይ «ኬኤስ» ብሎ አድራሻውን መጻፍ ይበቃ ነበር። በ9ኛው ስሪት የጫኚው ትዕዛዞች ሁሉ በፊታቸው «ኢንስት» እና ነጥብ ካልያዙ አይታወቁም። የድሮውን መስመር የጻፈ ሰው የስህተት መልእክት አያገኝም፤ ፋይሉ ሳይነበብ ይቀርና ጫኚው እንደ ማንኛውም የእጅ ጭነት ጥያቄዎቹን ይደረድራል።

የእትም ምርጫው ከእነዚህም ይከፋል። አንድ የዊንዶውስ መጫኛ በውስጡ በርካታ እትሞችን በተራ ቁጥር ይይዛል፤ ብዙዎች ደግሞ በመልስ ፋይላቸው «1 ቁጥርን ጫን» ብለው ያዛሉ። በዊንዶውስ 10 ለግል ተጠቃሚዎች በተዘጋጀው መጫኛ 1 ቁጥር ሆም እትም ነው። ለድርጅቶች በተዘጋጀው ግን 1 ቁጥር ኤዱኬሽን ነው። አንድ ማሠልጠኛ ተቋም የላብራቶሪውን ኮምፒውተሮች በሙሉ በአሮጌ ፋይል አስጭኖ ጠራኝ። ማሽኖቹ ያለ አንዳች ስህተት ተጭነዋል፤ ከዶሜይን (የተቋሙ ኮምፒውተሮች በማዕከል ከሚተዳደሩበት ሥርዓት) ጋር ለማገናኘት ሲሞከር ግን አንዱም አይገባም። ሆም እትም ዶሜይን ውስጥ አይገባም። መጫኛውን ከሌላ ቦታ አምጥተው ነበር፣ ቁጥሩ ግን ያው 1 ነበር። እትሙን በስሙ ቢያዙ ኖሮ የተፈለገው እትም ይጫን ነበር፤ ስሙ መጫኛው ውስጥ ከሌለ ደግሞ ጉዳዩ እዚያው የመጀመሪያው ማሽን ላይ ይታወቅ ነበር። ስለዚህ በቁጥር አትዘዙ። በስም እዘዙ፤ ወደ 11 ስትሻገሩ ደግሞ ስሙ ውስጥ ያለው 10 መቀየር እንዳለበት አትርሱ።

«ታዲያ ምን ላድርግ» ለሚለኝ መልሴ ይህ ነው። የማይክሮሶፍት ነጻ መሣሪያ የሆነውን ዊንዶውስ ሲስተም ኢሜጅ ማናጀርን ክፈቱ፣ የአዲሱን መጫኛ ምስል (ዊንዶውስ ተጠቅልሎ ያለበትን ፋይል) ስጡት፣ የድሮውን ፋይል በእሱ ላይ አረጋግጡ። ከአገልግሎት እየወጡ ያሉ ቅንብሮችን በስማቸው ይነግራችኋል። የመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄዎችን በጅምላ ለመዝለል ሰዎች ለዓመታት ሲገለብጡት የኖሩት «ስኪፕ ማሽን ኦኦቢኢ» የሚባለው ቅንብር ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ማይክሮሶፍት አትጠቀሙበት ካለ ቆይቷል። ሌላው ሥራ ፋይሉን ትቶ ማሽኑን መመርመር ነው። አንድ ማሽን ጫኑና እትሙን፣ የሰዓት ክልሉን፣ የዲስክ ክፍሎቹን፣ የተጠቃሚ አካውንቶቹን፣ የኮምፒውተሩን ስም አንድ በአንድ ተመልከቱ። ይህን ሳያደርጉ ወደ ሁለተኛው ማሽን የሚሄዱ ሰዎችን ሥራ እኔ አልረከብም።

«ዝርዝሩ ቢቀየርም የፋይሉ ቅርጽ ያው ነው»

ከዊንዶውስ ኤክስፒ ወደ ቪስታ የተሻገረ ሰው ይህን ሊል አይችልም። በኤክስፒ መልሱ በክፍል በክፍል የተጻፈ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነበር። በ2007 ለሕዝብ የወጣው ቪስታ ያንን ሙሉ በሙሉ ጥሎ ኤክስኤምኤል በሚባለው መረጃን በምልክቶች ከፋፍሎ የመጻፊያ ቅርጽ ተካው፤ ጭነቱንም በሰባት ደረጃዎች ከፋፈለው። የዲስክ አከፋፈል በመጀመሪያው ደረጃ፣ የኮምፒውተሩ ስም ስፔሻላይዝ በሚባለው፣ የተጠቃሚ አካውንቶች በመጨረሻው ይጻፋሉ። ዛሬ በዊንዶውስ 11 የምንጠቀመው ያንኑ መዋቅር ነው። «ቅርጹ አይቀየርም» የሚለው እምነት የመጣውም ከዚያ ወዲህ ባለው ረጅም ጸጥታ ይመስለኛል።

ኡቡንቱ ግን ይህን ያደረገው በቅርቡ ነው። በሚያዝያ 2020 የወጣው የ20.04 ሰርቨር ከዴቢያን የወረሰውን ጫኚ ትቶ ሰብኪዊቲ የሚባለውን ነባሪ አደረገ፤ ፕሪሲድንም ያምል በሚባል ሌላ የአጻጻፍ ቅርጽ በሚጻፈው አውቶኢንስቶል ተካው። ፕሪሲድ ፋይል ለአዲሱ ጫኚ ብትሰጡት ምኑም አይደለም። በአዲሱ መንገድ የሄዱትም ሌላ ነገር ይይዛቸዋል፦ ፋይሉ በትክክል ቢጻፍም በማስነሻው መስመር ላይ «አውቶኢንስቶል» የሚለው ቃል ከሌለ ጫኚው ዲስኩን ከመንካቱ በፊት ቆሞ «ልቀጥል?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥበቃ ነው፤ ማንም ሰው ፍላሽ ሰክቶ የሰርቨሩን ዲስክ በስህተት እንዳያጠፋ። ሰው በሌለበት የሰርቨር ክፍል ግን ጭነቱ ሌሊቱን ሙሉ መልስ ሲጠብቅ ያድራል።

«የዲስክ አከፋፈሉን መንካት አያስፈልግም»

ያስፈልጋል። በባዮስ (በድሮው የኮምፒውተር ማስነሻ ፕሮግራም) ለሚነሣ ማሽን የተጻፈ አከፋፈል በተተኪው በዩኢኤፍአይ በሚነሣ ማሽን ላይ አይሠራም፤ የኋለኛው ጂፒቲ በሚባለው አዲስ ሥርዓት የተከፈለ ዲስክ እና የራሱ የማስነሻ ክፍል ይፈልጋል። ይህ ቢያንስ ጭነቱን ስለሚያቆመው ይታወቃል። የማይታወቀው ዊንዶውስ ሲበላሽ የሚጠገንበት የጥገና ክፍል ጉዳይ ነው። በድሮ ፋይሎች ይህ ክፍል ትንሽ ሆኖ ከዊንዶውስ ክፍል በፊት ይቀመጥ ነበር። ማይክሮሶፍት አሁን የሚመክረው ወዲያው ከዊንዶውስ ክፍል ቀጥሎ እንዲሆን ነው፤ ማሻሻያ ሲመጣ እንዲሰፋ። በጃንዋሪ 2024 ለዊንዶውስ 10 የወጣው 5034441 ቁጥር ማሻሻያ በዚህ ክፍል ውስጥ 250 ሜጋባይት ነጻ ቦታ ይፈልግ ነበር፤ ቦታ ያጡ ማሽኖች ማሻሻያውን መጫን አቃታቸው። ከዓመታት በፊት በፋይሉ ውስጥ የተጻፈ አንድ ቁጥር ውጤቱ የታየው ያን ጊዜ ነው።

«የይለፍ ቃሉ በፋይሉ ውስጥ ተመስጥሯል»

አልተመሰጠረም። የዊንዶውስ መሣሪያ የይለፍ ቃሉን «ሲደብቅ» የሚያደርገው ቤዝ64 በሚባለው አጻጻፍ መቀየር ብቻ ነው፤ ማንም ሰው በደቂቃ ውስጥ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። ፋይሉን ሁሉም ሠራተኛ በሚያየው የጋራ ማህደር ውስጥ ያስቀመጣችሁ ዛሬውኑ አንሡት፤ የአድሚኒስትሬተሩንም የይለፍ ቃል ቀይሩ።

«ጭነቱ ራስ-ሰር ከሆነ ዊንዶውስ 11 ሃርድዌሩን አይመረምርም» ይመረምራል። ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደኅንነት ቺፕ የሌለው ማሽን በመልስ ፋይልም ቢሆን ይቆማል።

«ዊንዶውስ 11 ያለ ኢንተርኔት አይጫንም» በእጅ ሲጫን ነገሩ እየጠበበ መጥቷል፤ በማርች 2025 በወጣ የሙከራ ስሪት ላይ ብዙዎች ያለ ኢንተርኔት ለመቀጠል የለመዱት ማለፊያ ተወግዷል። በመልስ ፋይሉ ውስጥ የአካባቢ አካውንት (በዚያው ማሽን ላይ ብቻ የሚኖር) ከተጻፈ ግን ጭነቱ ያለ ኢንተርኔት ይጠናቀቃል።

«አማርኛ ከዊንዶውስ ጋር ስለሚመጣ ምንም ማዘዝ አያስፈልግም»

ይህ እኛን በቀጥታ የሚነካ ነው፤ ሌላ አገር የሚጻፉ መመሪያዎች ስለማያነሡት አጥብቄ ላንሣው። ኒያላ የሚባለው የግዕዝ ፎንት ከቪስታ ጀምሮ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይጫን ነበር። ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ግን ኒያላ ከመደበኛው ጭነት ወጥቶ በአማራጭነት የሚጨመር ተጨማሪ የግዕዝ ፎንት ሆኗል። በነባሪነት ግዕዝን የሚያሳየው ኢብሪማ ነው። አማርኛን በቋንቋ ዝርዝሩ ውስጥ ለጨመረ፣ ኢንተርኔትም ላለው ማሽን ኒያላ በራሱ ይወርዳል። ኢንተርኔት በሌለበት ላብራቶሪ ወይም ማሻሻያ በተዘጋበት መሥሪያ ቤት ግን አይመጣም። በመልስ ፋይሉ ውስጥ የአማርኛ ኪቦርድ ማዘዝም ፎንቱን አያመጣም።

ውጤቱን በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ቢሮ በኒያላ የተዘጋጁ ቅጾች ነበሩት፤ ከዊንዶውስ 7 ወደ 10 በራስ-ሰር ከተሻገረ በኋላ የቅጾቹ መስመሮች ተንሸራተው የፊርማው ቦታ ወደ ሁለተኛው ገጽ ወረደ። ሠራተኞቹ ፕሪንተሩን ይወቅሱ ነበር። መፍትሔው ከጭነቱ በፊት ነው፦ ከተጨማሪ ባሕርያት ዲስክ የግዕዝ ፎንቱን ወስዶ ዲዝም በሚባለው መሣሪያ የመጫኛ ምስሉ ውስጥ ማስገባት። አንድ ጊዜ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ሁሉንም ማሽን ያገለግላል።

«ኪክስታርት አይለዋወጥም፤ ሴንትኦኤስ 7 ላይ የሠራው ሮኪ 9 ላይ ይሠራል»

ሴንትኦኤስም ሮኪም የሬድ ሃት ቤተሰብ ናቸው፤ ሴንትኦኤስ 7 በጁን 30 ቀን 2024 ድጋፉ ስላበቃ ይህን በብዛት እሰማለሁ። በመካከሉ ሙሉ የ8ኛው ስሪት ለውጥ አለ። ቢቲአርኤፍኤስ የሚባለው የፋይል ሥርዓት ከ8 ጀምሮ ተወግዷል፤ በፋይላችሁ ካለ ጭነቱ ይቆማል። የተጠቃሚዎችን ማንነት ማረጋገጫ የሚያዋቅረው ኦትኮንፊግ በኦትሰሌክት ተተክቷል። ከጭነቱ በኋላ የሚሠሩ ስክሪፕቶች የፓይተን ቋንቋን ያለ ስሪት ቁጥር «ፓይተን» ብለው ብቻ ቢጠሩ በ8 ላይ በነባሪነት በዚያ ስም የሚገኝ ፕሮግራም የለም። በ9 ደግሞ ሩት (የሊኑክስ ዋና አስተዳዳሪ አካውንት) በይለፍ ቃል በኤስኤስኤች (በርቀት መግቢያው) እንዲገባ በነባሪነት አይፈቀድም፤ ሰርቨሩ በትክክል ይጫናል፣ ከርቀት ግን መግባት ያቅታችኋል።

ኬኤስ-ቨርዲፍ የሚባለው መሣሪያ በሁለት ስሪቶች መካከል የትኞቹ ትዕዛዞች እንደተጨመሩና እንደወጡ ይነግራችኋል። ኬኤስ-ቫሊዴተር ፋይሉን ለምትፈልጉት ስሪት ይፈትሻል፤ ሆኖም የጥቅሎችን (የሚጫኑትን ፕሮግራሞች) ዝርዝርና ስክሪፕቶቹን ስለማይፈትሽ «አለፈ» ሲላችሁ ሥራው አለቀ አትበሉ። ከሁሉ የሚሻለው አዲሱን ስሪት አንድ ጊዜ በእጅ መጫን ነው። ጫኚው የመረጣችሁትን ሁሉ በሩት ማህደር ውስጥ በአናኮንዳ ስም በአዲሱ አጻጻፍ ጽፎ ይተውላችኋል። ከእሱ ጀምሩ፤ ከድሮው ፋይል የሚያስፈልጋችሁን መስመር እያጣራችሁ አምጡ።

አሁንም ካልሠራ ለእርዳታ ስትደውሉ «አልሠራም» ብቻ ብላችሁ አትጀምሩ። የጭነቱን መዝገብ ይዛችሁ ኑ። በዊንዶውስ በዊንዶውስ ማህደር ስር ፓንተር በሚባለው ውስጥ ነው፤ በሬድ ሃት ቤተሰብ በቫር ሎግ ስር አናኮንዳ፣ በኡቡንቱ እዚያው ቫር ሎግ ስር ኢንስቶለር በሚባለው። መዝገቡን ከመላካችሁ በፊት ግን የመልስ ፋይሉ ቅጂ ከእሱ ጋር አብሮ ሊሆን ስለሚችል የይለፍ ቃል ቀርቶበት እንደሆነ ተመልከቱ።