ዲዮቅልጥያኖስ፦ የሮም ንጉሠ ነገሥትና ዘመነ መንግሥቱ

ዲዮቅልጥያኖስ እ.ኤ.አ. ከ284 እስከ 305 የሮምን መንግሥት የገዛ ንጉሠ ነገሥት ነው። ስንክሳር ሲነበብ ሰምቶ ያደገ ሰው ስሙን የሚያውቀው «ከሃዲው» ከሚለው ቅጽል ጋር ነው፤ አንዳንድ የግብፅ ገድላት ደግሞ ከላይኛው ግብፅ የመጣ ፍየል ጠባቂ እንደነበረ ይተርካሉ። የሮም ታሪክ የሚያውቀው ዲዮቅልጥያኖስ ግን በ244 ገደማ በዳልማትያ፣ በዛሬዋ ክሮኤሽያ የባሕር ዳርቻ፣ በሳሎና ከተማ አካባቢ ከዝቅተኛ ቤተሰብ የተወለደ፣ ዲዮቅሊስ ተብሎ የተጠራና በውትድርና ከተራ ማዕረግ ተነሥቶ የንጉሡን የክብር ዘብ እስከማዘዝ የደረሰ ሰው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ ዙፋን የወጣበት መንገድ የዘመኑን መልክ ያሳያል። ከ235 ጀምሮ በነበሩት 50 ዓመታት ከ20 የሚበልጡ ነገሥታት ተፈራርቀዋል፤ አብዛኞቹንም የገደሏቸው የገዛ ወታደሮቻቸው ነበሩ። በ284 ወጣቱ ንጉሥ ኑሜርያኖስ ከፋርስ ዘመቻ ሲመለስ ዓይኑን ታሟል እየተባለ በተሸፈነ ቃሬዛ ይጓዝ ነበር፤ መሞቱ የታወቀው ሽታው ቃሬዛውን አልፎ በወጣ ጊዜ ነው። ሠራዊቱ ኖቬምበር 20 ቀን በኒቆምድያ አጠገብ ዲዮቅሊስን አነገሠ። እርሱም በሞቱ እጁ እንደሌለበት በፀሐይ ምሎ፣ ወዲያው ሰይፉን መዝዞ የንጉሡ አማትና የፕሪቶርያን ዘብ አለቃ የነበረውን አፔርን በሠራዊቱ ፊት ወጋው። ቅጣት ነው ተባለ፤ ነገር ግን ስለ ኑሜርያኖስ አሟሟት ከሁሉ በላይ ሊናገር የሚችለው ሰው አብሮ ዝም ማለቱን ልብ ማለት ይገባል። በሚቀጥለው ዓመት የሟቹ ወንድም ካሪኖስ በማርጎስ ወንዝ አጠገብ በተደረገው ውጊያ ላይ በገዛ ሹማምንቱ እጅ ሲወድቅ ተቀናቃኝ አልቀረበትም።

አዲሱ ንጉሥ ግዛቱ ለአንድ ሰው እንደማይበቃ የተረዳ ይመስላል። በ286 የጦር ጓደኛውን መክስምያኖስን በምዕራብ እኩያው አድርጎ ሾመ፤ በ293 ደግሞ ጋሌርዮስንና የታላቁ ቆስጠንጢኖስን አባት ቆንስጣንጥዮስን ምክትል ነገሥታት አድርጎ ጨመረ። አራቱ የተቀመጡት በሮም ሳይሆን ለጠረፍ በቀረቡ ከተሞች ነበር፤ ዲዮቅልጥያኖስ ራሱ በብዛት የኖረው በኒቆምድያ፣ በዛሬዋ ቱርክ ነው። ይህን የአራትዮሽ አገዛዝ በዓይን ማየት የሚሻ ሰው በቬኒስ የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ማዕዘን ላይ የተለጠፈውን ሐውልት ይመልከት። ከግብፅ በወጣ ሐምራዊ ድንጋይ የተቀረጹት አራቱ ነገሥታት ሁለት ሁለት ሆነው ተቃቅፈዋል፤ አንዱ እጅ በጓደኛ ትከሻ ላይ፣ ሌላው በሰይፍ እጀታ ላይ ነው። ፊታቸው እጅግ ስለሚመሳሰል የትኛው ዲዮቅልጥያኖስ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ሐውልቱ በ1204 ከተዘረፈችው ቁስጥንጥንያ የተወሰደ ሲሆን፣ ጎድሎ የነበረው የአንዱ ንጉሥ እግር ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ በኢስታንቡል ተቆፍሮ ተገኝቷል።

በአስተዳደር ረገድ ወደ 50 የሚጠጉት አውራጃዎች ተከፋፍለው እጥፍ ያህል ሆኑ፤ እነርሱም በ12 ሰፋፊ ክፍላተ ሀገር ሥር ተሰበሰቡ። በብዙ ቦታ የጦር አዛዥነትና የሲቪል ሹመት ተለያዩ፣ ግብርም በመሬትና በሰው ቆጠራ ላይ እንዲመሠረት ተደረገ። ሠራዊቱና ሹመኛው በመብዛቱ ወጪው አሻቀበ፤ በ294 የተለወጠው ገንዘብም የዋጋውን ንረት አላቆመውም።

በ301 የወጣው የዋጋ ጣሪያ ዐዋጅ የሰውየውን ጠባይ ከሁሉ ይልቅ ይገልጻል። ዐዋጁ ከ1,000 በላይ ለሚሆኑ ሸቀጦችና የሥራ ዓይነቶች ከፍተኛውን ዋጋ በዲናር ወሰነ፤ የተላለፈም በሞት እንዲቀጣ አዘዘ። የእርሻ ሠራተኛ ከነቀለቡ በቀን 25 ዲናር፣ ፊደል አስተማሪ ለአንድ ልጅ በወር 50 ዲናር፣ ለሠራዊት በሚሰፈርበት ቁና አንድ ስፍር ስንዴ 100 ዲናር ተተመነ። በሌላው ጫፍ አንድ አንበሳ 150,000 ዲናር ዋጋ ተሰጥቶታል። ዐዋጁ በየከተማው በድንጋይ ላይ ስለተቀረጸ ብዙው ክፍል እስከ ዛሬ ይነበባል። በዘመኑ የነበረው ክርስቲያን ጸሐፊ ላክታንትዮስ እንደሚለው ሻጩ ፈርቶ ዕቃውን ስለደበቀ ገበያው ይብሱን ባዶ ሆነ፣ ዐዋጁም ተረሳ።

ከጦርነቶቹ መካከል ሁለቱ ይጠቀሳሉ። በምሥራቅ ጋሌርዮስ መጀመሪያ በፋርሱ ንጉሥ በነርሴ ከተሸነፈ በኋላ በ298 ድል ነሥቶ ለሮም የሚጠቅም ውል አስፈረመ። በደቡብ ደግሞ ግብፅ ዐምፃ፣ ዲዮቅልጥያኖስ ራሱ እስክንድርያን ለወራት ከብቦ ያዛት፤ ዛሬም በከተማይቱ የቆመውና በስሕተት በፖምፔ ስም የሚጠራው ታላቅ ዓምድ ለእርሱ ክብር የተተከለ ነው። ከዚያም ጠረፉን ወደ አስዋን አካባቢ አስጠግቶ፣ ከዚያ በስተደቡብ ያለውን መሬት ለኖባ ሰዎች ለቀቀ።

ክርስቲያኖችን ማሳደዱ የተጀመረው ከነገሠ 19ኛ ዓመቱ ላይ ነው፤ ከነገሠበት ቀን አንሥቶ ያሳድድ እንደነበር የሚታሰበው ልክ አይደለም። ፌብሩዋሪ 23 ቀን 303 ማለዳ በኒቆምድያ ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት የነበረው ቤተ ክርስቲያን በር ተሰበረ፣ መጻሕፍቱም ተቃጠሉ። ጋሌርዮስ ሕንፃው ይቃጠል ሲል ዲዮቅልጥያኖስ እሳቱ ወደ ጎረቤት ቤቶች እንዳይዛመት ብሎ ከለከለና በመጥረቢያ አስፈረሰው። ዋጋ በዐዋጅ ይወሰናል ያለ ሰው እምነትም በዐዋጅ ይወሰናል ብሎ ነበር፤ ለጎረቤት ቤት ያሰበውም ይኸው ሥርዓት ወዳድ አስተዳዳሪ ነው። ተከታዮቹ ዐዋጆች ካህናትን አሳሰሩ፤ በ304 የወጣው ደግሞ ሁሉም ለአማልክት እንዲሠዋ አስገደደ። በምዕራብ በቆንስጣንጥዮስ ግዛት ነገሩ ለዘብ ያለ ሲሆን፣ በግብፅ ግን እጅግ ከፋ፤ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ ዘቂሳርያ በላይኛው ግብፅ ሰይፉ እስኪዶለድምና ገዳዮቹ ደክመው እስኪፈራረቁ ድረስ ሲገደሉ በዓይኑ እንዳየ ጽፏል። የእስክንድርያው ጳጳስ ጴጥሮስ፣ ቤተ ክርስቲያናችን «ተፍጻሜተ ሰማዕት» የምትለው፣ በ311 የተሠዋው ዲዮቅልጥያኖስ ከዙፋን ከወረደ በኋላ ነው።

የእስክንድርያ ሰዎች የንጉሥን ዘመን ከአዲስ ዓመት ጀምረው ይቆጥሩ ስለነበር፣ የእርሱም ዘመን ከመስከረም 1 ቀን፣ ማለትም ከኦገስት 29 ቀን 284 ተቆጠረ። ቆጠራው ከሞቱ በኋላም በፋሲካ ሠንጠረዦች ውስጥ ቀጥሎ በኋላ ዘመን ዓመተ ሰማዕታት ተብሏል፤ ከእኛ ዓመተ ምሕረት 276 ሲቀነስ የሚገኘው እርሱ ነው። 2016 ዓ.ም. በዚህ ስሌት 1740 ዓመተ ሰማዕታት ነበር።

በ304 በጠና ታሞ የነበረው ንጉሥ ሜይ 1 ቀን 305 በነገሠበት ኮረብታ ላይ ሐምራዊ ካባውን አውልቆ ሥልጣኑን በፈቃዱ ለቀቀ። ከእርሱ በፊት ይህን ያደረገ የሮም ንጉሠ ነገሥት አልነበረም። መክስምያኖስም በዚያው ዕለት በሚላኖ ወረደ፤ እርሱ ግን ወደ ሥልጣን ለመመለስ ደጋግሞ ሞክሯል። ዲዮቅልጥያኖስ እንዲመለስ ሲለመን በእጁ የተከለውን ጥቅል ጎመን ቢያዩ ይህን ባልጠየቁኝ ነበር ብሎ መመለሱ ይነገራል። የመሠረተው የአራትዮሽ አገዛዝ በዓመታት ውስጥ በተተኪዎቹ ጦርነት ፈረሰ፤ ሚስቱ ጵሪስካና ልጁ ዋሌርያም ከእርሱ ሞት በኋላ ከተተኪዎቹ አንዱ በነበረው በንጉሥ ሊቅንዮስ ትእዛዝ ተገደሉ።

በ312 አካባቢ የሞተው በትውልድ አገሩ ዳርቻ፣ በዛሬዋ ስፕሊት ባስገነባው ቤተ መንግሥት ነው። ሕንፃው ከ200 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው የጦር ሰፈር መሰል ግንብ ሲሆን፣ ሳሎና በጠፋች ጊዜ የሸሹት ነዋሪዎች ገብተውበት የከተማይቱ እምብርት ሆነ። ከግብፅ ያስመጣቸው የድንጋይ ስፊንክሶች (የአንበሳ ገላና የሰው ራስ ያላቸው ሐውልቶች) አሁንም ይታያሉ። ሊቀበርበት ያሠራው ስምንት ማዕዘን ሕንፃ ወደ ቤተ ክርስቲያንነት ተለውጦ፣ በእርሱ ዘመነ ስደት ለተገደለው ለሳሎናው ጳጳስ ለዶምንዮስ ተሰጠ፤ የንጉሡ የሬሳ ሣጥን ግን የለም።