የኪቦርድ ሾርትከት ምንድን ነው? ወርድ ላይ ጽሑፍን ያለ ማውዝ ማስተካከል

ደብዳቤው ተጽፎ አልቋል። የቀረው ቀኑን ወደ ቀኝ መውሰድ፣ «ጉዳዩ» የሚለውን መሃል አድርጎ ማድመቅና ከሥሩ ማስመር፣ የአንቀጾቹን ዳር ማስተካከል ብቻ ነው። የብዙ ሰው ጊዜ የሚሄደው ግን እዚህ ላይ ነው። እጁን ከኪቦርድ ያነሳል፣ ማውዝ ይይዛል፣ ቃሉን ጎትቶ ሴሌክት ያደርጋል። አንድ ፊደል ትቀርበታለች፤ እንደገና ይጎትታል። ከላይ ካለው ረድፍ ምልክቷን ፈልጎ ይጫናል፣ ወደ ኪቦርዱ ይመለሳል። ለሚቀጥለው መስመር ደግሞ እንደ አዲስ ይጀምራል። ሾርትከት ይህን ምልልስ ያስቀራል።

ሾርትከት ማለት ሁለት ወይም ሦስት ቁልፎችን አንድ ላይ ተጭኖ ለፕሮግራሙ ትእዛዝ መስጠት ነው። የእንግሊዝኛዋን ቢ (B) ብቻዋን ብትጫኑ ፊደሏ ትጻፋለች። ኮንትሮልን፣ Ctrl የተጻፈባትን ቁልፍ፣ እንደያዛችሁ ቢን ብትጫኑ ግን ምንም አይጻፍም፤ ጽሑፉ ይደምቃል፣ ቦልድ ይሆናል። ጀማሪ ሰው ሁለቱን ቁልፍ እኩል ለመምታት ይሞክርና አልሠራ ይለዋል። መንገዱ መጀመሪያ ኮንትሮልን ይዞ መቆየት፣ ከዚያ ፊደሏን ነካ አድርጎ መልቀቅ ነው።

ሾርትከትን የማውዝ አቋራጭ አድርገን እናየዋለን እንጂ፣ በጽሕፈት ፕሮግራም ታሪክ ቀድሞ ሰው ቤት የገባው ኪቦርዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የጽሕፈት ፕሮግራም ወርድስታር ሙሉ በሙሉ በኮንትሮል ቁልፍ የሚነዳ ነበር። ከእሱ በኋላ ገበያውን የያዘው ወርድፐርፌክት ትእዛዞቹን ኤፍ 1፣ ኤፍ 2 እያሉ በሚቆጠሩት የኤፍ ቁልፎች ላይ ደረደራቸው። የትኛው ምን እንደሚሠራ ለማስታወስ ሰዎች በቁልፎቹ ዙሪያ የተጻፈበት ወረቀት ያስቀምጡ ነበር። ኮፒና ፔስትን እንደምናውቀው አድርገው የቀረጹት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በካሊፎርኒያው የዜሮክስ ምርምር ማዕከል የነበሩት ላሪ ቴስለርና ቲም ሞት ናቸው። ጂፕሲ የሚባል የጽሕፈት ፕሮግራም ሲሠሩ ነው። ዜድ፣ ኤክስ፣ ሲ እና ቪን ለእነዚህ ሥራዎች የመደበው በኋላ አፕል ነው። ኪቦርዳችሁን ተመልከቱ፦ አራቱም ጎን ለጎን፣ ከታች በግራ በኩል ናቸው። ቀኝ እጅ ማውዝ ላይ ቢሆንም ግራ እጅ ብቻውን ይደርስባቸዋል።

ኮፒና ፔስቱን ሁሉም ያውቃል። አብዛኛው ሰው እዚያው ላይ ይቆማል እንጂ።

ከዚያ ለማለፍ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። የወርድ ሾርትከቶች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንዳንዶቹ ፊደልን ያዛሉ፣ አንዳንዶቹ አንቀጽን። ይህን ያልለየ ሰው ሃምሳ ሾርትከት ቢሸመድድም ይደናገረዋል።

ፊደልን የሚያዙት ቀድመው የሚታወቁት ናቸው። ኮንትሮል ቢ ያደምቃል፣ ኮንትሮል ዩ ያሰምራል፣ ኮንትሮል አይ ያጋድላል። ከፒ ቀጥሎ ያሉት ሁለት የማዕዘን ቅንፎች ከኮንትሮል ጋር ሲጫኑ የፊደሉን መጠን በአንድ ነጥብ ያሳንሳሉ ወይም ያሳድጋሉ። እነዚህ አስቀድሞ በተጻፈ ጽሑፍ ላይ እንዲሠሩ ጽሑፉ ሴሌክት መደረግ አለበት። ለአንድ ቃል ብቻ ከሆነ ግን ያም አያስፈልግም። ከርሰሩ፣ የምትጽፉበትን ቦታ የሚያሳየው ብልጭ ድርግም የሚለው ሰረዝ፣ በቃሉ መሃል ካለ ኮንትሮል ቢ ሙሉውን ቃል ያደምቀዋል። ያቺን የምትቀር አንድ ፊደል ማሳደድ ቀረ ማለት ነው።

አንቀጽን የሚያዙት ደግሞ ሴሌክት የሚባል ነገር አይፈልጉም። ከርሰሩ በአንቀጹ ውስጥ የትም ይሁን የት፣ ትእዛዙ ሙሉውን አንቀጽ ይይዛል። ኮንትሮል ኤል ወደ ግራ፣ ኮንትሮል አር ወደ ቀኝ፣ ኮንትሮል ኢ ወደ መሃል። ኮንትሮል ጄ በሁለቱም ዳር እኩል ያደርገዋል፤ ጀስቲፋይ የምንለው ነው። ኮንትሮል 1 የመስመሮቹን ርቀት ነጠላ፣ ኮንትሮል 2 ድርብ፣ ኮንትሮል 5 አንድ ተኩል ያደርገዋል። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ «አንድ ተኩል ይሁን፣ ጀስቲፋይ ይደረግ» ሲባል ሥራው ሦስት ትእዛዝ ነው፦ ሙሉውን ለመያዝ ኮንትሮል ኤ፣ ከዚያ ኮንትሮል 5፣ ከዚያ ኮንትሮል ጄ። ርእሶቹ መሃል ላይ ከነበሩ ግን እነሱም ጀስቲፋይ ስለሚሆኑ በኋላ መመለስ አለባቸው።

ያንን የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ እንውሰድና ከላይ እስከ ታች ያለ ማውዝ እንጻፈው። ኮንትሮል አር ብላችሁ ቁጥሩንና ቀኑን ትጽፋላችሁ። ኤንተር። አዲሱ መስመር ያለፈውን ስለሚወርስ እሱም ቀኝ ላይ ይጀምራል፤ በኮንትሮል ኤል ወደ ግራ ትመልሱትና የሚላክለትን መሥሪያ ቤት ስምና አድራሻ ትጽፋላችሁ። ኤንተር። ኮንትሮል ኢ፣ ኮንትሮል ቢ፣ ኮንትሮል ዩ፦ አሁን «ጉዳዩ፡- የሥራ ልምድ ማስረጃ ስለመጠየቅ» ብላችሁ ስትጽፉ መሃል ላይ፣ ደምቆና ተሰምሮ ይወጣል። ቢ እና ዩ እንደ መብራት ማብሪያና ማጥፊያ ናቸው፤ መልሳችሁ ስትጫኗቸው ይጠፋሉ። ኤንተር፣ ኮንትሮል ጄ፣ የደብዳቤው ሐተታ። መጨረሻ ላይ «ከሰላምታ ጋር» የሚለው እንደየመሥሪያ ቤቱ ልማድ ቀኝ ወይም መሃል ይሆናል። «ግልባጭ» ከሚለው ሥር ያሉትን ተቀባዮች በነጥብ ለመደርደር ኮንትሮል ሺፍት ኤል ይበቃል። አለቀ።

ይህን ደብዳቤ በስፔስ ባር የሚያስተካክሉ አሉ፤ ጥቂት አይደሉም። ቀኑን ወደ ቀኝ ለመውሰድ ስፔስን ይዘው ይገፉታል። እነሱ ስክሪን ላይ ያምራል። ፋይሉ ሌላ ፎንት ባለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ግን ያ ሁሉ ስፔስ ስፋቱ ይለወጣል። ቀኑ ተሰብሮ ግማሹ ወደ ሁለተኛው መስመር ይወርዳል። ማተሚያ ቤት ስትደርሱ የምታዩት ጉድ አብዛኛው ከዚህ ነው የሚመጣው። ለእኔ ሾርትከት ጊዜ መቆጠቡ ሁለተኛ ነገር ነው። ትልቁ ጥቅሙ አንቀጹ ራሱ «ቀኝ ላይ ነህ» መባሉ ነው፤ ያኔ ፎንት ቢቀየር፣ ወረቀት ቢቀየር ቦታውን አይለቅም። የተላከላችሁ ፋይል በስፔስ የተገፋ መሆን አለመሆኑን ማየት ከፈለጋችሁ ኮንትሮል ሺፍት 8ን ተጫኑ። የተደበቁት ምልክቶች ይወጣሉ፤ እያንዳንዱ ስፔስ ትንሽ ነጥብ ሆኖ ይታያል። የነጥብ ሰልፍ ካያችሁ ነገሩ ገብቷችኋል።

በአማርኛ ስትጽፉ ደግሞ የራሳችን ጣጣ አለ። መጀመሪያ ጀስቲፋይ። የአማርኛ ቃል ረዥም ነው፤ «ስለማያስፈልጋቸውም» የሚለውን ወርድ በመስመር መጨረሻ ላይ ከፍሎ አያወርደውም። ስለዚህ ሙሉውን ወደ ታች ይጥልና የቀሩትን ቃላት እየጎተተ ቦታውን ይሞላል። በጠባብ ዓምድ ላይ በቃላቱ መሃል መኪና የሚያሳልፍ ክፍተት ይፈጠራል። ለመጽሔት ዓይነት ጠባብ ዓምድ ኮንትሮል ኤል የተሻለ ነው ባይ ነኝ፤ ቀኝ ዳሩ ወጣ ገባ ቢል ምንም አይደለም። ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ችግር አለ። ጀስቲፋይ በተደረገ አንቀጽ ውስጥ በኤንተር ፈንታ ሺፍት ኤንተር ተጭናችሁ መስመር ከቀየራችሁ፣ ሁለት ቃል ብቻ ያለው መስመር ከዳር እስከ ዳር ይለጠጣል። ብዙ ሰው ኮምፒውተሩ የተበላሸ ይመስለዋል። መፍትሔው ያቺን መስመር መቀየሪያ አጥፍቶ ኤንተር መምታት ነው።

ኮንትሮል አይን ለአማርኛ ባትጠቀሙበት ይሻላል። ፊደላችን የራሱ የጋደለ ቅርጽ የለውም። ፕሮግራሙ ያለውን ቅርጽ ገፍቶ ነው የሚያጋድለው፤ ለዓይንም ያስቸግራል። በብራና መጻሕፍታችን ላይ ጸሐፊዎች የቅዱሳንን ስም ለይተው ለማሳየት የተጠቀሙት በቀይ ቀለም ነበር፣ ፊደል በማጋደል አልነበረም። ዛሬ ቦልዱ ይበቃል። ሺፍት ኤፍ 3 የሚባለው ትንሹን የእንግሊዝኛ ፊደል ወደ ትልቅ የሚቀይር ሾርትከትም ለእኛ ሥራ የለውም። ግእዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ አያውቅምና።

አሁን የምነግራችሁ አደጋ አለው። ኮንትሮል ስፔስ ሴሌክት የተደረገውን ጽሑፍ ከተጨመረለት ቅርጽ ሁሉ ያጸዳል፤ ቦልዱም መስመሩም ይነሳል፣ ፎንቱም ወደ መደበኛው ይመለሳል። በዩኒኮድ፣ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ ለተጻፈ አማርኛ ችግር የለውም። የግእዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ በብዙ ቢሮ ደግሞ ከዚያ በኋላም ለረዥም ጊዜ፣ የአማርኛ ፎንቶች የላቲን ፊደላትን ቦታ ይዘው የሚሠሩ ነበሩ። በእንደዚህ ዓይነት ፎንት የተጻፈ አሮጌ ፋይል ላይ ኮንትሮል ኤ፣ ከዚያ ኮንትሮል ስፔስ ብትሉ ፎንቱ ሲነሳ አማርኛው ሁሉ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ክምር ይሆናል። ሰነዱ አልጠፋም፤ ኮንትሮል ዜድ ይመልሰዋል። ፋይሉ ሴቭ ተደርጎ ከተዘጋ ደግሞ ጽሑፉን ይዞ የድሮውን ፎንት መመለስ ነው። ግን ያንን ፎንት ማግኘት ያስፈልጋል።

የአማርኛ ኪቦርድ እንደበራ ሾርትከት ይሠራል ወይ? አብዛኛውን ጊዜ አዎ። ኮንትሮል ሲያዝ የሚቆጠረው ቁልፉ ላይ የታተመው የላቲን ፊደል ነው። የሚያስቸግረው ዊንዶውስ ራሱ አልት ሺፍትን ቋንቋ ለመቀየሪያ መጠቀሙ ነው። ሁለቱን ይዛችሁ ሐሳባችሁን ቀይራችሁ ከለቀቃችሁ፣ በአማርኛ ስትጽፉ ቆይታችሁ ድንገት እንግሊዝኛ መውጣት ይጀምራል።

ከሁሉም ይልቅ ረዥም ጽሑፍ ለሚጽፍ ሰው የምመክረው የርእስ ሾርትከቶችን ነው። ከርሰሩን ርእሱ ላይ አድርጋችሁ ኮንትሮል አልት 1 ስትሉ ያ መስመር ዋና ርእስ ይሆናል፤ በ2 ንዑስ ርእስ፣ በ3 ከዚያ በታች ያለው። ርእሱን በኮንትሮል ቢ አድምቆ ፊደሉን ማተለቅም ይቻላል፤ ለዓይን ያው ነው። ወርድ ግን ያንን ርእስ መሆኑን አያውቅም። በኮንትሮል አልት 1 ከተሰየመ ማውጫውን ራሱ ከነገጽ ቁጥሩ ያወጣላችኋል። አማካሪያችሁ «ርእሶቹን በሙሉ አንድ መጠን ቀንሷቸው» ቢል ደግሞ የርእሱን ስታይል፣ በስም የተቀመጠውን ቅርጹን፣ አንድ ቦታ ላይ ትቀይሩና ሁሉም አብረው ይቀየራሉ። ሰማንያ ገጽ ላይ እየዞሩ ርእስ ሲያሳንሱ የሚያድሩ ተማሪዎች ይህን የነገራቸው የለም። አልት ሺፍትን ይዞ የላይና የታች ቀስት መጫን ደግሞ ሙሉውን አንቀጽ ቆርጦ መለጠፍ ሳያስፈልግ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ያንቀሳቅሰዋል። አዲስ ምዕራፍ ከአዲስ ገጽ ለማስጀመር ኤንተርን አሥራ አምስት ጊዜ አትምቱ፤ ኮንትሮል ኤንተር አንድ ጊዜ ነው።

ኤፍ 4ም ትረሳለች። የመጨረሻውን ሥራ ትደግማለች። አንዱን ቃል ቀይ ካደረጋችሁ ሌላውን ይዛችሁ ኤፍ 4 ስትሉ እሱም ይቀላል። በብዙ ላፕቶፕ ላይ ግን ያቺ ቁልፍ ድምፅ ወይም ብርሃን መቆጣጠሪያ ስለሆነች ኤፍኤን የምትለዋን አብሮ መያዝ ያስፈልጋል። ካልሆነ ኮንትሮል ዋይ ያንኑ ይሠራል።

ሾርትከት እንደ ሃይማኖት የጸና አይደለም፤ ይቀያየራል። ኮንትሮል ሺፍት ሲ እና ቪ ለዓመታት የአንዱን ጽሑፍ ቅርጽ ቀድቶ ለሌላው ማልበሻ ነበሩ። በቅርብ በወጡት የወርድ ቅጂዎች ግን ኮንትሮል ሺፍት ቪ ጽሑፉን ያለ ቅርጹ ወደ መለጠፍ ዞሯል፤ ቅርጽ ለመቅዳት በሺፍት ፈንታ አልት ገብቷል። ከድረ ገጽ ወይም ከቴሌግራም ለሚገለብጥ ሰው ግን አዲሱ ይጠቅመዋል፤ የሰው ቀለምና ፎንት ተከትሎት አይመጣም። ጉግል ዶክስ ላይ ጽሑፍ መሃል ለማድረግ ኮንትሮል ሺፍት ኢ ነው፤ ሺፍት ተጨምሯል። ሊብረኦፊስ የሚባለው ሌላ የጽሕፈት ፕሮግራም ላይ ደግሞ ኮንትሮል 1 የመስመር ርቀት ሳይሆን ዋና ርእስ ነው። ማክ ላይ በኮንትሮል ፈንታ ኮማንድ ይያዛል፤ ብዙው ያው ነው። አንዷን ብቻ ተጠንቀቁ። ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል ኪው የአንቀጹን ቅርጽ ያጸዳል። ማክ ላይ ኮማንድ ኪው ፕሮግራሙን ይዘጋዋል።