የውጥረት ስንጥቅ ምንድን ነው?

ጠመኔ ካገኛችሁ አንድ ነገር ሞክሩ። ሁለቱን ጫፎች በመዳፎቻችሁ መሃል ይዛችሁ ወደ ውስጥ ግፉት። መዳፋችሁን ያማችኋል እንጂ እሱ ምንም አይሆንም። አሁን ያንኑ ጠመኔ በጣቶቻችሁ ጎበጥ አድርጉት። ቀጭ! ሲጎብጥ ውጪኛው ጎኑ ተለጠጠ፤ ስንጥቁም የጀመረው ከዚያው ጎን ነው።

የድንጋይም ጠባይ ይኸው ነው። ሲጫኑት ጀግና፣ ሲስቡት ልፍስፍስ። መሳብን የሚችልበት አቅም፣ መጨመቅን ከሚችልበት አንድ አሥረኛ ገደማ ቢሆን ነው። እንደ ላስቲክ ተለጥጦ አያስጠነቅቅም፤ ድንገት ለሁለት ይከፈላል። የውጥረት ስንጥቅ የምንለው እንዲህ ተስቦ የሚከፈተውን ነው።

ምክንያቱ ውስጡ ያሉት በዓይን የማይታዩ ጭረቶች ናቸው። ድንጋዩ ሲጨመቅ አብዛኞቹ አፋቸውን ይዘጋሉ። ሲሳብ ይከፈታሉ፣ ጉልበቱም ጫፋቸው ላይ ይከማቻል። ጨርቅ ነጋዴ አይታችሁ ታውቁ የለ? ጠርዙን በመቀስ ቆረጥ ያደርግና የቀረውን በእጁ ሸርርር። ያ ትንሽ ቁርጥ ባይኖር ኖሮ ይታገል ነበር። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ግሪፊዝ እ.ኤ.አ. በ1921 ይህን በመስታወት አስረድቷል፤ ወሳኙ የጭረቱ ርዝመት ነው። ጭረቱ ሲረዝም ለመቀጠል የሚፈልገው ጉልበት ያንሳል። አንዴ ከጀመረ የማይቆመውም ለዚህ ነው።

ስንጥቁ የሚሮጠው የሚስበውን ኃይል አቋርጦ ነው። ምድር ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ስትሳብ ስንጥቁ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይዘረጋል። አፋር ላይ በመስከረም 1998 ዓ.ም. የሆነው በግምት እንዲህ ነው። ለዘመናት በዓመት ከአንድ እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል እየተሳበ የከረመው አለት፣ ቅልጥ ድንጋይ ከውስጥ ሲገፋው በጥቂት ሳምንታት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተተረተረ። አንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተከፍቷል። ስምንት ሜትር እኮ ሁለት መኪና ተከታትሎ ያስቆማል!

የአክሱም ድንጋይ ጠራቢዎች ይህን ጠባይ በእጃቸው ያውቁት ነበር። ሐውልቶቹ በተፈለጡበት በጎቦድራ ኮረብታ ላይ የሽብልቅ ቀዳዳዎች በመስመር ተደርድረው ይታያሉ። ሽብልቅ ወደ ታች ሲመታ ድንጋዩን ወደ ጎን ይስበዋል፤ ቀዳዳዎቹ ደግሞ ስንጥቁ በየት እንደሚሄድ ያዙታል። ቀዳዳው ተፈልፍሎለት ሳይፈለጥ የቀረ ድንጋይም ዛሬ ድረስ እዚያው አለ።