«ምትሐት ነው» ብለው ጮኹ

ተወዳጆች፣ የዛሬው ትምህርት ከራሴ ጥፋት ይጀምራል።

ነሐሴ 24፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዕለት፣ ከንግሥ መልስ በሚኒባስ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና እየወረድን ነበር። ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ መጣ። ክረምት ላይ ያን መንገድ የሄደበት ያውቀዋል፤ ከቆላ የሚነሳው እርጥብ አየር ገደሉን ይዞ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ከፊትህ ካለው መኪና መብራቱ ብቻ ይቀርሃል። ዋሻው አፍ ላይ ነጠላ ያጣፋች ሴት እጇን አነሳች። ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ከኋላ አንዱ «ኧረ ንዳው! እሷ ናት!» አለ።

«እሷን» ሁላችንም ሰምተናል። ጣልያን በወረራው ዘመን በፈለፈለው ዋሻ አፍ ላይ ትሳፈራለች፤ ከ500 ሜትር በላይ ጨለማ አልፈው ሲወጡ ወንበሩ ባዶ ነው፣ እርጥበቱ ብቻ። ያየው ደግሞ ሁሌ «የጓደኛዬ አጎት» ነው!

ሾፌሩ ነዳው። ስናልፍ በመስኮት አየኋቸው። አሮጊት ናቸው። በአንድ እጃቸው ቢጫ ጀሪካን ይዘዋል፣ ጸበል ይሆናል። ፕላስቲክ ጫማቸው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። እስከዚያ ስንዘምር የመጣን ሰዎች አማተብንና ዝም አልን። እኔም አማተብኩ።

ከዚያ ወዲህ ማቴዎስ 14 አላስተኛኝም። ደቀ መዛሙርቱ ሌሊት፣ በማዕበል መካከል፣ ጌታን በባሕር ላይ ሲሄድ አይተው «ምትሐት ነው» ብለው ጮኹ። ልብ በሉ፣ በዚያው ምሽት አምስት እንጀራና ሁለት ዓሣ ለ5,000 ወንዶች ሲበቃ በእጃቸው ያደሉት እነሱ ናቸው። ከተአምር መልስ ፈሩ፣ እኛ ከንግሥ መልስ። እሱ ግን አልሸሻቸውም፤ «አይዞአችሁ፥ እኔ ነኝ፤ አትፍሩ» አላቸው። እነሱም እየፈሩ በታንኳቸው ተቀበሉት። እኛ ሁለት ባዶ ወንበር ነበረን።

አጋንንት የለም ማለቴ አይደለም። የቡልጋው ጻድቅ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ግን ከአጋንንት ጋር የታገሉት ሰው እንዲድን ነበር፤ እኛ አጋንንት ፈራን ብለን ሰው ጥለን እንሄዳለን። ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ ናት» እያልን ልጆቻችንን ከደጇ የምናሸሸውም እኛው ነን (እሱን ሌላ ቀን እመለስበታለሁ፣ ያናድደኛል)።

እናቴ፣ ያን ማታ ማን እንዳሳፈረዎት አላውቅም። ይህን የሚያነብልዎት ልጅ ካለ ይቅር ይበሉኝ። በግራ በኩል መስኮቱን ይዤ የተቀመጥኩት፣ ዓይን ለዓይን የተያየነው፣ እኔ ነኝ።