«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»፦ የአባባሉ ትርጓሜና የኢርፋን ካን ሕይወት

ሰሞኑን አንድ የሬዲዮ አቅራቢ የህንዳዊውን ተዋናይ የኢርፋን ካንን የሕይወት ታሪክ ሲተርክ ቆየና፣ መጨረሻው ላይ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብሎ ወጣቶች እንዳይቸኩሉ፣ የእያንዳንዱም ሰው ተራ ጊዜውን ጠብቆ እንደሚደርስ መከረ። አባባሉን ለዚህ ተዋናይ መምረጡ እሰየው የሚያሰኝ ነው። ያስከተለው ምክር ግን አባባሉን ከነባለታሪኩ ገደል ከተተው፤ ተራውን ተቀምጦ የጠበቀ እንቁላል በእግሩ ሲሄድ ያየ ሰው የለምና።

አባባሉ የተወለደው ጓዳ ውስጥ ነው ብዬ ስለማምን ከጓዳ ልጀምር። አያቴ ዶሮ የምታስታቅፈው ዝናቡ አልፎ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ነበር፤ የክረምት ጫጩት ለብርድና ለበሽታ ነው የሚፈለፈለው ትል ነበር። ከዶሮዎቹ አንዷ እንቁላል መጣል አቁማ፣ ላባዋን ነፍታ፣ ሰው በቀረባት ቁጥር እየተቆጣች ከጎሬዋ አልነሣም ስትል፣ አያቴ ግማሹ የተሰበረ አሮጌ ጋን አውጥታ የጤፍ ጭድ ትጎዘጉዝበታለች። ከዚያ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ጆሮዋ ሥር ነቅነቅ እያደረገች ውስጡ የሚንቦጫረቀውን ወደ ጎን ትለያለች፤ ደህናዎቹን በከሰል ጫፍ ጭረት ታደርግባቸዋለች። ጭረቱ የሚጠቅመው ሌሎቹ ዶሮዎች ሾልከው ገብተው አዲስ እንቁላል ቢጥሉ ከታቀፈው ጋር እንዳይምታታ ነው። ጋኑ ከምድጃው ብዙም ሳይርቅ፣ ብርሃን ከማይደርስበት ጥግ ይቀመጣል።

የሚቀጥለውን ሥራ ቤተሰቡ አያየውም። ዶሮዋ 21 ቀን ያህል ስትታቀፍ ከጎሬዋ የምትወጣው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ጥሬዋን ለቃቅማ፣ ውኃ ጠጥታ፣ እንቁላሎቹ ሳይበርዳቸው ትመለሳለች። ጨለማው ውስጥም ዝም ብላ አትቀመጥም። ዳር ያለውን እንቁላል በመንቁሯ ወደ መሐል፣ መሐል ያለውን ወደ ዳር ትገፋለች፣ ትገለብጣለች፤ ሳይገላበጥ የቆየ እንቁላል ሽሉ ከቅርፊቱ ሥር ካለው ስስ ሽፋን ጋር ተጣብቆ ይሞታል። እኛ ልጆች ትዕግሥት አጥተን ዶሮዋን ከፍ አድርገን ለማየት ስንሞክር አያቴ እጃችንን ቸብ ታደርግና «ተዉአት፣ ሥራዋን ትሥራበት፤ ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል» ትለን ነበር።

እንግዲህ የእኔ ግምት አባባሉ የተነሣው እንዲህ ካለች ባልቴት አፍ ነው የሚል ነው። በጽሑፍ የተደገፈ ማስረጃ አላቀርብም፤ ምሳሌው ራሱ ይመሰክርልኛል። የርግብ ጫጩት ዓይኑ ሳይገለጥ፣ ገላው ሳይሸፈን ስለሚወጣ ከጎጆው ሳይንቀሳቀስ ለሳምንታት ይመገባል። የዶሮ ጫጩት ግን እርጥበቱ እንደ ደረቀለት በሰዓታት ውስጥ እናቱን ተከትሎ መሄድ ይጀምራል። ስለዚህ «በእግሩ ይሄዳል» ያለው ሰው ትናንት ድምፅ የሌለው ድንጋይ የመሰለው ነገር ዛሬ በቤቱ ወለል ላይ ሲራመድ በዓይኑ ያየ ሰው ነው፤ ይህም በሞፈርና በቀንበር የሚውለው አባወራ ሳይሆን ጋኑን ያስቀመጠችው ሴት መሆኗን አልጠራጠርም። ነገሩን ከሀብት ጋር የሚያያይዙም አሉ፤ ድሀ እንቁላሉን ሸጦ ዶሮ፣ ዶሮውን ሸጦ በግ እየገዛ ከብት አስከትሎ ይሄዳል ይላሉ። ብልሃት ያለበት ትርጓሜ ነው፤ ሆኖም በዚያ ታሪክ ውስጥ እንቁላሉ ገበያ ላይ ቀረ እንጂ መቼ ሄደ?

መደርደሪያ ላይ የተረሳ እንቁላልም 21 ቀን ያልፈዋል፤ የሚሆነውም ግም ነው። የኢርፋን ካን ታሪክ የሚያስረዳው ይህንኑ ይመስለኛል። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኢርፋን በ1967 በራጃስታን ግዛት ተወለደ፤ አባቱ የጎማ ንግድ ነበራቸው። በወጣትነቱ ሐሳቡ ክሪኬት ላይ ነበር፤ ለውድድር ቢመረጥም የጉዞ ገንዘብ በማጣቱ ቀረ። በ1984 ኒው ዴልሂ የሚገኘውን ብሔራዊ የድራማ ትምህርት ቤት ተቀላቀለ። እዚያ ሳለ ዳይሬክተሯ ሚራ ናይር ለመጀመሪያ ሙሉ ርዝመት ልብ ወለድ ፊልሟ፣ ለ«ሰላም ቦምቤ» መለመለችው። ታስቦለት የነበረው ድርሻ ተቀንሶ በ1988 ፊልሙ ሲወጣ የታየው ለጥቂት ደቂቃ፣ መንገድ ዳር ተቀምጦ ላልተማሩ ሰዎች በክፍያ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ሆኖ ነው። አንድ የጎዳና ልጅ ለእናቱ የሚላከውን ቃል ይነግረዋል፤ እሱ ይጽፋል፤ አለቀ።

የሬዲዮው አቅራቢ ከዚህ በኋላ ያሉትን ከአሥር በላይ ዓመታት «ብዙ ታገሠ» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ዘለላቸው። የጋኑ ጨለማ ግን ያ ነበር። ኢርፋን ሙምባይ ገብቶ «ቻናክያ» እና «ቻንድራካንታ»ን በመሳሰሉ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማዎች ሲሠራ ኖረ። የቴሌቪዥን ሥራ ከዓመት ዓመት ተመሳሳይ እየሆነበት በመሰልቸቱ ሙያውን እስከ መተው ያሰበበት ጊዜ እንደነበር በኋላ ተናግሯል። ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት የሚገላብጠው አላጣም። በድራማ ትምህርት ቤት ያወቃትና በ1995 ያገባት ሱታፓ ሲክዳር ራሷ የድርሰት ሰው ነበረች። ከዚያው ትምህርት ቤት የወጣው ቲግማንሹ ዱሊያም ዳይሬክተር ሲሆን አልረሳውም። ኢርፋንም ቢሆን ካሜራ ፊት የቆመበትን እያንዳንዱን ቀን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ፊቱን ሳያንቀሳቅስ፣ በእነዚያ ጎላ ባሉና እንቅልፍ የተጫናቸው በሚመስሉ ዓይኖቹ ብቻ መናገርን ሲለማመድበት ኖሯል ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ያ ችሎታ በ2001 ድንገት ከሰማይ አልወረደለትምና።

በ2001 የእንግሊዙ ዳይሬክተር አሲፍ ካፓዲያ «ዘ ዋሪየር» በተባለው ፊልሙ፣ ሰይፉን ለመጣል የወሰነ ተዋጊ አድርጎ መሪ ተዋናይ አደረገው፤ ፊልሙም የብሪታንያ ምርጥ ፊልም ተብሎ ባፍታ የተባለውን የብሪታንያ የፊልም አካዳሚ ሽልማት ወሰደ። ቅርፊቱ የተሰነጠቀው እዚህ ላይ ነው። በ2003 ዱሊያ «ሃሲል» ውስጥ የኮሌጅ ፖለቲከኛ ወሮበላ አድርጎ አሠራው፤ በዚህም ፊልምፌር ከተባለው የህንድ የፊልም ሽልማት የምርጥ ክፉ ገጸ ባሕርይን አገኘ። ያንን ድርሻ የቀነሰችበት ሚራ ናይርም በ2006 «ዘ ኔምሴክ» ላይ የአሜሪካ ስደተኛ የሆነውን ቤንጋሊ አባት እንዲጫወትላት ጠራችው። በ2008 የወጣውና 8 ኦስካር የጠራረገው «ስላምዶግ ሚሊየነር» ውስጥ ደግሞ የፖሊስ መርማሪው እሱ ነበር። «ፓን ሲንግ ቶማር» የዱሊያ ሥራ ሲሆን፣ በ3000 ሜትር መሰናክል የህንድ ሻምፒዮን የነበረ ወታደር በመሬት ጠብ ምክንያት እንዴት ሽፍታ እንደሆነ የሚተርክ እውነተኛ ታሪክ ነው፤ ኢርፋን በዚህ ፊልም የአገሩን ብሔራዊ የምርጥ ተዋናይ ሽልማት ተቀበለ። ያኔ ዕድሜው 46 ነበር።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ግን በ2013 የወጣው «ዘ ለንችቦክስ» ነው። ኢርፋን እዚህ የሚጫወተው ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ፣ ሚስቱ የሞተችበት የቢሮ ሠራተኛ ሆኖ ነው። በስህተት የደረሰውን የምሳ ዕቃ ከፍቶ ሣህኖቹን አንድ በአንድ ይደረድራል፤ ጎንበስ ብሎ ያሸታል፤ ይጎርሳል፤ ያኝካል፤ አንዲት ቃል አይናገርም፤ ተመልካቹ ግን ይህ ሰው ለስንት ዓመት ለብቻው እንደበላ ይገባዋል። ከምግቡ ጋር የምትመጣውን ደብዳቤ ሲያነብና መልሱን ሲጽፍ ሳይ፣ በ1988 መንገድ ዳር የሌሎችን ደብዳቤ ይጽፍ የነበረው ልጅ ከነወረቀቱ ትዝ አለኝ። ኢርፋን በ2018 ብርቅ የሆነ የዕጢ ሕመም እንዳገኘው አስታወቀ፤ ሕክምናውን እየተከታተለ አንድ ፊልም ጨምሮ፣ ኤፕሪል 29 ቀን 2020 በ53 ዓመቱ ሙምባይ ውስጥ አረፈ። እናቱ ከአራት ቀን በፊት ነበር የሞቱት።

ስለዚህ አባባሉን ለእሱ የሚጠቅስ ሰው ቢያንስ እነዚያን የቴሌቪዥን ዓመታት ይተርክልን። ችኩልን መገሠጽ ብቻ ለፈለገ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» የሚል ልኩ የሆነ አባባል አለለት፤ እንቁላሉን ይተውልን። አሁን አሁን ይህን ምሳሌ የምሰማው በአብዛኛው የደመወዝ ጥያቄ በቀረበላቸው አለቆችና ወጣት ተዋንያንን በነፃ በሚያሠሩ የፊልም አዘጋጆች አፍ ነው። እነሱ ራሳቸው በጋኑ ዙሪያ ዝር ሳይሉ እንቁላሉን «ቀስ በል» ይሉታል። ምሳሌውን ለመጥቀስ ያን ያህል ከወደዱት፣ ልጆቹ ለልምምድ የሚመጡበትን የታክሲውን እንኳ ይክፈሉላቸው።